የቀኛዝማች አቆጣጠር

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ልጄ ጠልሐ። ሰላምታዬ ከዚህ ከደጋው ብርድ ተነስቶ እዚያ ሻርጃ ሙቀት ውስጥ በጤናህ ይድረስህ። እንዴት ነህ? እንዴት ከረምክ? ያ ከመኪና ሥር ስትተኛ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ለቀቀህ ወይስ ዛሬም በቅባት እያባበልከው ነው? ምግቡ ይስማማሃል? አብረውህ የሚያድሩት ልጆች ደህና ናቸው? አሠሪህስ እንደ ድሮው ነው ወይስ ጠባዩ ተለወጠ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጠዋት ስነሳ ጉልበቴ እንደ ብርድ ቀን ሞተር እምቢ ይለኛል፤ ትንሽ ካሟሟቅሁት በኋላ ግን ውሎዬን አያጓድልብኝም። እህትህ አፍናንም ልጇም ደህና ናቸው። ዝናቡ ዘንድሮ ጨከን ብሎ ገብሱን አስተኛው፤ ቢሆንም ጎተራው ባዶ አልሆነም፣ ለዚያም ምስጋና ለጌታችን ይሁን።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልህ ፈትሂያ ናት፣ የላይ ቤት ጎረቤታችን ልጅ። ለሥራ ወደዚያ መሄዷ ነውና እንደ እህትህ እያት። ስልኩ እንደምታውቀው አንድ ቀን ይሠራል፣ ሳምንት ይጠፋል። ቢሠራም ይህ ጉዳይ እየተቆራረጠ የሚነገር አይደለም። መጀመሪያው ደርሶህ መጨረሻው ሳይደርስህ እንዳይቀር ፈራሁ። ስለዚህ ተቀምጠህ አንብበው። መጨረሻው ሳትደርስ ስልክ አታንሳ።

በቅርቡ አየሁህ ልጄ። ያየሁህ ግን በማላውቀው ሰው ስልክ ላይ ነው። አንዲት አፍንጫዋ የረዘመ ቀይ መኪና ኮፈኗ ተከፍቶ፣ አንተ ክንድህን ጎኗ ላይ ጥለህ ቆመሃል። ከስተሃል። ጢምህን አሳድገሃል፣ ያምርብሃል። ሰውዬው ስልኩን ሊቀበለኝ እጁን ሲዘረጋ ገና ነው ብዬ እንደገና አስከፈትኩት፤ በመጀመሪያው መልክህን ብቻ ነበርና ያየሁት፣ የምትለውን አልሰማሁም። ሁለተኛው ላይ ሰማሁህ። ይህች እንግሊዝ ሠራሽ ናት፣ ያቺ ጀርመን ሠራሽ፣ ጋራዣችን የሚመጡት የድሮ መኪናዎች ሁሉ ስድስቱን ሲሊንደር በአንድ ረድፍ የሚያሰልፉ ናቸው አልክ። እኛም አገር፣ መካነ ሰላም፣ ከቤታችን ጓሮ ጭድ ቤት ውስጥ አንዲት አለች አልክ። ቀጥለህም አባቴ «ቁጥሩን ለሚል ሰው ብቻ ስጡ» ብሎናል፣ ቁጥሩም አንድ፣ አምስት፣ ሦስት፣ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ነው ብለህ ሳቅህ። ሳቅህ የአባትህ ሳቅ ነበር። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ስልኩን ያሳየኝ ሰው ምስክር ይባላል። ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት አለ፤ የድሮ መኪና እየፈለገ የሚገዛና የሚሸጥ ነው። ዘናጭ ነው፣ አነጋገሩም ለስላሳ ነው፤ እማማ እማማ እያለ ገባ። ከኋላው ሁለት ጎረምሶች ነበሩ። ምን እንደምፈልግ ያውቁታል፣ እማማ አለኝና ሳልጠይቀው ቁጥሩን ቆጠረ። አንድ፣ አምስት፣ ሦስት፣ ስድስት፣ ሁለት፣ አራት። እንደ ሰላምታ አድርጎ ነው ያለው። ከዚያ ለቁልፉ እጁን ዘረጋ።

ከዚህ በፊት የሆነውን ታውቀዋለህ። ግን በስልኩ ላይ ስታወራው ተረት አስመሰልከው፣ ተረት ሲሆን ደግሞ አጥንቱ ይወልቃል። አጥንቱን ልመልስበት።

ቀኛዝማች አድማሴ ያችን ማርቸዲስ ሲያመጧት አባትህ ገና ጢም ያላበቀለ ሹፌራቸው ነበር። ከደሴ ወዲህ ያለው መንገድ በበጋ ብቻ የሚታለፍ ስለነበር ወንዝ በደረሱ ቁጥር አገሬው እየወጣ ገፍቶ ያሻግራት ነበር። አባትህ፣ አላህ ይርሐመው፣ እሷ ቀኛዝማችን ከተሸከመችበት ሕዝቡ እሷን የተሸከመበት ይበልጣል እያለ ይስቅ ነበር። ኮፈኗ ተከፍቶ ስትነሳ ግን የሚስቅ አልነበረም አለ። ስድስቱ እንደ ሶላት ሰልፍ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይቆማሉ፤ አንዱ ሌላውን አይገፋም፣ ሞተሩ ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ቢያስቀምጡ ጠብ አይልም። «አራቱ ያንቀጠቅጣሉ፣ ስምንቱ ይፎክራሉ፣ በረድፍ የቆሙት ስድስቱ ግን ይቀራሉ» ይል ነበር፣ እንደ መድረሳ ልጆች ቁርአን መቅራታቸውን ማለቱ ነው። ታዲያ ቆመው እንደተሰለፉት በተራ አይደለም እሳት የሚቀበሉት። ከአንደኛው ወደ አምስተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው እየዘለለ ነው። ያ ነው ቁጥሩ።

ቀኛዝማች ግን ይህ ቁጥር አልገባ ብሏቸው ኖረ። አባትህ ታሞ በተኛበት ቀን ራሳቸው ኮፈኑን ከፍተው እሳት የሚያቀብለውን የካንዴላ ሽቦ ሲሰኩ ሁለቱን አለዋወጡ። መኪናዋ እንደ ጠመንጃ ጮኸች። በቅሎዋ ገመድ በጠሰች፣ ለቡራኬ የመጡት ቄስ ከአጥሩ ጥግ ተኙ አሉ። ቤተሰቡ በሳቅ ሲሞት ቀኛዝማች ተቆጥተው «እኔ የገዛኋት መኪና እኔ እንዳልኩት ትቁጠር!» አሉ። ከዚያ ወዲያ የእሳቸው አቆጣጠር ሌላ፣ የሞተሩ ሌላ ሆነ። ትንሿ ልጃቸው ብርሀንነሽም ቁጥር የለመደችው ጣቷን እያጠፈች በአባቷ አቆጣጠር ነው።

በስድሳ ሰባት ዓመተ ምህረት መሬቱ ሲወረስ ቀኛዝማች ሚስታቸውንና ልጃቸውን ይዘው በበቅሎ ወጡ። አባትህን ጠርተው «በቅሎዬ ዓባይን ታሻግረኛለች፣ ማርቸዲስ አታሻግረኝም። ቁጥራችንን እየቆጠረ ለሚመጣ ሰው ቁልፉን ስጥ፣ አደራ፣ አማናህን» አሉት። ቁጥራችን ያሉት የትኛውን እንደሆነ አባትህ አላጣውም። ጎማዎቿን ፈታ፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጣት፣ ዙሪያዋን ጭድ ቤት ሠራባት። ለሚጠይቁት ሹማምንት ዓባይን ተሻግራ ሄደች አላቸው። ለዚያች አንዲት ውሸት ዕድሜ ልኩን ምሕረት እየለመነ ኢስቲግፋር ሲያደርግ ኖረ።

እኔን ካገባኝ በኋላ እሱ በሌለበት የመጣ ሰው እንዳያመልጥ ቁጥሩን አስተማረኝ። ልጄ፣ ጥፋቱ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ያስተማረኝ ትክክለኛውን ነው። እንደዚያ የሞተር ሰው ነበርና የተሳሳተውን በአፉ ሊያወጣው አልቻለም፤ ስህተት ከአፌ ከሚወጣ ጥርሴ ይውለቅ የሚል ሰው ነበር። እኔ ያኔ ፊደልም ቁጥርም አላውቅም። ፊደሉን በኋላ ግድግዳችን ላይ ከለጠፍነው ጋዜጣ ነው የለቀምኩት፣ ቁጥሩን ግን የተማርኩት ከእነዚያ ሽቦዎች ነው። ገበያ ላይ እንቁላል ስቆጥር ከአንድ ቀጥዬ አምስት እያልኩ ሴቶቹ ይስቁብኝ ነበር።

በሰማንያ አራት፣ አንተ በሆዴ ሳለህ፣ አባትህ ደሴ በወረደበት ሰሞን አንዲት ሴት ደጃፌ ላይ ቆመች። ልብሷ የከተማ፣ ጫማዋ ጭቃ ነበር። ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። ከዚያ «የቀኛዝማች አድማሴ ልጅ ነኝ፣ ብርሀንነሽ። አለች?» አለችኝ። የቆጠረችው እኔ የማውቀው አልነበረም። «የምን መኪና? ቤት ተሳስተሻል እህቴ» አልኳት። እሷ መኪና የሚል ቃል አላነሳችም፣ ያነሳሁት እኔው ነኝ። አየችኝ። ጭድ ቤቱን አየችው። ውሃ ለመነችኝ፣ ቆማ ጠጣች፣ በሰላም ያገላግልሽ ብላኝ ሄደች።

አባትህ ሲመለስ ሴትዮዋ እንዴት እንደቆጠረች ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ጫማውን ሳያወልቅ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። «እሳቸው እንዲያ ነበር የሚሉት» አለ። ከዚያ ተነስቶ ሮጠ፤ ከመኪና መናኸሪያው አልፎ ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ሳይቀር ፈለጋት፣ አጣት። አንድ ቀን እንኳ ተቆጥቶኝ አያውቅም። ተቆጥቶኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ሊሞት ሲል ነው ያንን የተሳሳተ አቆጣጠር በአፉ ያወጣው፣ ለአንተ እንዲቀር ብሎ። አንተ እጁን ይዘህ ነበር፣ እኔ በራስጌው። አፍናን ትምህርት ላይ ስለነበረች አልሰማችም። ድሮ የሳቁት ሁሉ አልቀዋል። ዛሬ የቀኛዝማችን አቆጣጠር የምናውቅ፣ ብርሀንነሽ በሕይወት ካለች፣ እሷና እኔና አንተ ነን። እዚህ ላይ አልጽፈውም፤ ደብዳቤ የማንም ዓይን ያርፍበታል።

እንግዲህ ምስክር እጁን እንደዘረጋ ነው የተውኩህ። «ትክክል ብለሃል» አልኩት። ፊቱ በራ። «ትክክል ስላልክ ነው የማልሰጥህ» አልኩት። ጎረምሶቹ ተያይተው ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም፤ የቀኛዝማች ወራሾች ናቸው የላኩኝ አለ። የትኞቹ ወራሾች፣ ስማቸውን ጥራ አልኩት። ጎረምሶቹን ወደ ውጭ አስወጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ የላከኝ ልጅዎ ነው። ጠልሐና እኔ ተነጋግረን ጨርሰናል፣ ድርሻውም ታውቋል» አለኝ። ዋጋዋ ነው ብሎ የጠራልኝን አልጽፍልህም፤ እኔ የለመድኩት ቁጥር ሌላ ነው።

ወላሂ ልጄ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን እንዴት እንዳመሸሁት አላውቅም። ጭድ ቤቱ ገባሁ። እንደምታውቀው አባትህ ካለፈ ወዲህ በየወሩ ካንዴላዎቹን ፈትቼ በየቀዳዳው ዘይት ጠብ አድርጌ ሞተሩን በእጄ አዞረዋለሁ፣ ዝጎ እንዳይነክስ። ወንበሯን አይጥ በልቶታል፣ ቀለሟ ተልጧል፣ ስድስቱ ግን ዛሬም ሳይንገራገጩ ይዞራሉ። የዚያን ቀን መፍቻውን ይዤ ማዞር አቃተኝ። መጀመሪያ ወራሽ ላከኝ ያለ ሰው ቀጥሎ ልጅሽ ላከኝ ሲል ከሁለት አንዱ ውሸት ነው። ወይም ሁለቱም። ግን አንተ ጋራዥ ልትከፍት ማሰብህን፣ በሰው እጅ መሥራት እንደመረረህ ባለፈው ነግረኸኛል። ይህን እያሰብኩ ቆሜ ቀረሁ።

ምስክር በዚያው ወደ ሼህ ኑርሁሴን ሄዶ ከሰሰኝ። ሼሁ አያ ካሳን ይዘው መጡ፤ የወግዲ መንገድ ላይ የሚያርሱትን፣ የአባትህን ወዳጅ። እነሱ መኪናዋ መኖሯን የሰሙት ገና አሁን ነው፣ ያውም አንተ በስልክ ካወራኸው። አያ ካሳ ገና ሲገቡ አንገቴ ላይ ያለውን የቁልፍ ክር አይተው «ሉባባ፣ ማተብ አሰርሽ እንዴ? ቄሱ ሳይሰሙ እንዳይቀሩ» አሉኝ። ሳቅሁ፣ ከልቤ ግን አልነበረም። ሼሁ ቀጥታ ጠየቁኝ። የባልሽ የሰዲቅ አደራ ቁጥሩን ለሚል ሰው ስጡ የሚል ነው? ነው አልኩ። ሰውዬው ቁጥሩን ብሏል? ብሏል አልኩ። «ታዲያ የሰው ገንዘብ ይዘሽ ምን ትሆኛለሽ?» አሉኝ።

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ብናገረው ግን ምስክር እዚያው አጥሩ ስር ቆሟል፤ ሌላው አቆጣጠር ይህ ነው ያልኩ ቀን አማናው በገዛ አፌ አለቀ። ዝም ስል ደግሞ ሉባባ የሙት ቃል ልትበላ ነው ተባለ። በሰፈሩ የሰማሁትን አልደግምልህም። ሠላሳ ዓመት ከበላይ እንጀራ የተበዳደርኳት ጎረቤት አይታኝ መንገድ አቋረጠች።

አያ ካሳ ናቸው የገባቸው፤ ወይም የገባቸው መሰለኝ። «ሼህ፣ ይህች ሴት ስትዋሽ ዓይኗን ትሰብራለች፣ አሁን አልሰበረችም» አሉ። ሼሁ ሁሉን ገለል አድርገው በአላህ ስም ጠየቁኝ፣ ሌላ ቃል አለ? አለ አልኩ። ከአንቺ ሌላ የሚያውቅ ማን ነው? ልጄ ነው አልኩ። ከዚያ ለምስክር የፊታችን ሐሙስ ይምጣ፣ ሌላውን ቃል ካለ መኪናዋን ይወስዳል ብለው ፈረዱ። እኔም ካለው ቁልፉን ከአንገቴ ፈትቼ እሰጠዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ሲወጡ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «ሉባባ፣ ሐሙስ የምንመዝነው ሰውዬውን አይደለም፣ ልጅሽን ነው። አብሽሪ» አሉኝ።

አየህ ልጄ፣ ያኔ ነው የገባኝ። ምስክር ያንን አቆጣጠር የሚያገኝበት አንድ አፍ ብቻ ነው። ብርሀንነሽን ያወቃት ቢሆን ኖሮ ከሷ ይዞት ይመጣ ነበር። ሐሙስ ያንን ቁጥር ካለ የሰማው ካንተ ነው።

ልደውልልህ ስልኩ ጠፍቶ ሰነበተ። ቢሠራም ምን ብዬ እደውላለሁ? አትናገር ብልህ የማላምንህ ይመስልሃል፤ ዝም ብልህ ደግሞ ሰውዬው ይቀድመኛል። ምስክር ግን ሆቴል ውስጥ ሳተላይት ይሁን ሌላ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ከውጭ አገር ሰው ጋር ሲያወራ ሰማን የሚሉ ሞልተዋል።

ሐሙስ በጠዋት የጭነት መኪና ይዞ መጣ፣ ማንሻ ያለው። የሰፈሩ ሰው እንደ ሠርግ ተሰብስቧል። ጎረምሶቹ የጭድ ቤቱን ግድግዳ እየነካኩ በየት እንደሚያፈርሱት ይነጋገራሉ። ሼህ ኑርሁሴንና አያ ካሳ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ፣ እኔ ከፊታቸው ቆምኩ። ቁልፉ ደረቴ ላይ ከብዶኝ ነበር። ምስክር እንደ መስጊድ ሰው እጁን አጣምሮ ጀመረ። ከኋላ ወደ ፊት ቆጠረው፤ አራት፣ ሁለት፣ ስድስት፣ ሦስት፣ አምስት፣ አንድ። አይደለም አልኩ። ሰዉ አጉረመረመ። አንድ ዕድል ይሰጠኝ አለ፣ ሼሁ ወደ እኔ አዩ፣ ይሰጠው አልኩ። ለምን እንዳልኩ ዛሬም አላውቀውም። ምናልባት ማወቅ ፈልጌ ይሆናል።

አንድ አለ። አምስት አለ። ሦስት አለ። ከዚያ ቆም ብሎ ፊቴን ማየት ጀመረ፣ ካርታ እንደሚጫወት ሰው። ሻሼን ስቤ ዓይኔን ጋረድኩ። ሼሁ «የሰው ፊት አታንብብ፣ ቁጥር ቁጠር!» ብለው ገሠጹት። የቀሩትን ሦስቱን አንድ በአንድ፣ እያመነታ አወጣቸው። ምን ምን እንዳለ አልጽፈውም። የቀኛዝማች አልነበረም።

አይደለም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ምስክር ያ ለስላሳነቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ረገፈ። «ይህችን አይጥ የበላት ቆርቆሮ ታቅፈሽ ሙቺ!» አለኝ፣ እማማውም እርስዎውም ቀረ። «ልጅሽ ራሱ ሌላ ቁጥር የለም፣ እናቴ ጃጅታ ነው ብሎኛል» አለ። አያ ካሳ ከድንጋዩ ሳይነሱ «ጃጀች ያልካት ሴት እኮ ናት ከነማንሻህ ባዶህን የምትመልስህ» አሉት፣ ሰዉ ሳቀ። የጭነት መኪናው ሲዞር የአጥሬን ጥግ ጥሶ ሄደ። ፍርድ ቤት እንገናኝ ብሏል። የሚተው ዓይነት ሰው አይደለም፤ ተመልሶ ይመጣል።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ጭድ ቤቱ ገብቼ ሞተሩን አዞርኩት። ቃሉ ካንተ አልወጣም። በዚያ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ቀጥሎ ግን ያ ሰው ያለው ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረ፤ ሌላ ቁጥር የለም ብሎኛል ያለው። እንዲያ ያልከው ልትጠብቀው ብለህ ነው ወይስ እውነት ረስተኸው?

ይህን ነው የምጠይቅህ ልጄ፣ ሌላ አልጠይቅህም። ሰውዬውን ልከኸው እንደሆነና እንዳልሆነ አልጠይቅህም። ሳትልከው ቀርተህ ከሆነ ስለጠረጠርኩህ አፉ በለኝ። ልከኸው ከሆነ ደግሞ መጨረሻዋ ላይ አፍህን ይዘሃል፤ ገደል አፋፍ ደርሶ የተመለሰ ሰው ተመለሰ ነው የሚባለው። ጋራዥህን በሐላል አላህ ይክፈትልህ፣ ዱዓዬ ይህ ነው። ግን ረስተኸው ከሆነ ከእንግዲህ ያ አቆጣጠር ያለው በእኔ ራስ ውስጥ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ጉልበቴ ብቻ አይደለም የሚያስቸግረኝ፤ አንዳንድ ጠዋት የአፍናንን ልጅ በአፍናን ስም እጠራታለሁ። ያን ቁጥር እኔ የረሳሁት ቀን ብርሀንነሽ ደጃፌ ብትመጣ እንደገና የምን መኪና ልላት ነው።

አንድ ነገር አድርግልኝ። በዚያ በስልክህ፣ ያንን ሁሉ ሰው በሰበሰብክበት፣ አንድ ጊዜ ደግመህ ውጣ። ከአንዷ መኪና አጠገብ ቁም፣ ያቺ ረዥም አፍንጫዋ ብትሆን ደስ ይለኛል። ቁጥሩን ሞተሩ እንደሚለው ቁጠረው። ከዚያ፣ ቀኛዝማች አድማሴ የሚባሉ ሰው ግን በራሳቸው መንገድ ነበር የሚቆጥሩት፣ ልጃቸው ታውቀዋለች በል። እዚያ ላይ አቁም። አንዲት ቃል አትጨምር። ዛሬ እሷም እንደኔ አሮጊት ናት፣ በሰው ስልክ ላይ ታይህ ይሆናል። እሷ ባትኖር ልጅ ይኖራታል፣ ጣቱን እያጠፈ ስህተት መቁጠር የለመደ። የሚጽፍልህ ይበዛል፣ ትክክል የሚቆጥሩልህም ይበዛሉ። ትክክል ያለውን ሁሉ እለፈው። ስቶ የሚቆጥር ሰው ስታገኝ ደጃፌ ክፍት ነው፣ ውሃም አለ በለው።

አፍናን ሰላም ትልሃለች፤ የላክህላት ጫማ ልክ ሆኖላታል፣ በጭቃ ግን አታደርገውም። ልጇ ጁማና፣ አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ሰላም ትልሃለች፤ ትምህርት ቤት ገብታ ቁጥር በተራ እየተማረች ነው፣ እኔም አልነካሁባትም። ሼህ ኑርሁሴን በዱዓ አስበውሃል። አያ ካሳ «ያን ልጅ ስልኩን ውሃ ውስጥ ይክተተው በይልኝ» ብለዋል፣ ከዚያም ቀጥለው በጣም ሰላም በይልኝ አሉ። የጣሰብንን አጥር ያጠሩልን እሳቸው ናቸው። አብረውህ ያሉትን ልጆች ሁሉ በያሉበት ሰላም በልልኝ፣ ለአሠሪህም እንደዚሁ።

ስልኩ የተመለሰ ቀን ትደውልልኛለህ። ሰላምታ የምትወድ እናት እንዳለችህ ታውቃለህ፤ ጤናዬን፣ ገብሱን፣ ላሚቱን ሳትጠይቀኝ ብትቀር በሌላ ቀን አዝንብህ ነበር። የዚያን ቀን ግን ሰላምታውን አቆየው። ስልኩን እንዳነሳሁ፣ ገና ሃሎ ሳልል፣ ቀስ ብለህ በቀኛዝማች አቆጣጠር ቁጠርልኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ነሽ ትለኛለህ።

እናትህ ሉባባ

መካነ ሰላም
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.